ከማኅበሩ አጥር ውጭ የተቀመጡት ወይዘሮ ዲንቄ ወዬሳ

ነጠላችሁን አዘቅዝቃችሁ በዚህ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ የቆማችሁ የአዳማ ምእመናን ሆይ፣ አሁን የምትሰሙት የእኅታችን የወይዘሮ ዲንቄ ወዬሳ፣ በክርስትና ስማቸው የወለተ ሚካኤል፣ የሕይወት ታሪክ ነው፤ ረዥም አይደለም፣ ደስ የሚያሰኛችሁም አይሆንም፤ ሳያልቅ ሹልክ ብሎ ለመውጣት የሚያስብ ቢኖር ግን በር ላይ የቆሙት የሐጂ መሐመድዘይን ልጆች እንደሚያዩት ከወዲሁ ይወቅ።

ወይዘሮ ዲንቄ ከአባታቸው ከአቶ ወዬሳ ቱሉ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጃለኔ በወለንጪቲ አካባቢ በ1892 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል የሚቆጠርበት ቤት በአካባቢው ስላልነበረ ሳይማሩ አደጉ፤ ድርቅ የአባታቸውን ከብት ከፈጀ በኋላም ወደ አዳማ መጥተው በ1912 ዓ.ም. በአቡጀዲና በጨው ነጋዴው በሐጂ መሐመድዘይን ቤት ገቡ፤ ሥራቸውም በሁለት አህያ ከአዋሽ ውኃ ማመላለስ ነበር። ከግቢው የተረፈውን ለጎረቤት ሴቶች ያድሉ ነበርና፣ በወይዘሮ ዲንቄ ውኃ ጠላ ያልጠነሰሰ ቤት ካለ እጁን ያንሣ።

በአዋሽ መንገድ ላይ ልብስ ሊያጥቡ ከሚወርዱት ከወይዘሮ እልፍነሽ ጋር ተዋወቁ። ወይዘሮ እልፍነሽ ባላቸው የሞቱባቸው ድኻ ሲሆኑ፣ በየወሩ በአሥራ ሁለት ከሚካኤል ማኅበራችን የደረሳቸውን ቁራሽ ዳቦ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ያሳድሩና በማግስቱ ወንዝ ዳር ለዚያች ገና ክርስቲያን ላልሆነች ውኃ ቀጂ ሴት እኩሌታውን ይቆርሱላት ነበር። ወይዘሮ ዲንቄ ስለ ምን እንደሚያካፍሏቸው ቢጠይቋቸው፣ «በስሙ የተቆረሰ ለብቻ አይበላም፣ ልጄ» ብለው መለሱላቸው። ሰባኪ አልሰበካቸውም፣ መጽሐፍም አልተነበበላቸውም፤ እምነታቸው በዚያ ቁራሽ ጀመረ፤ አቡነ ዘበሰማያትንም አህያ እየነዱ ከወይዘሮ እልፍነሽ አፍ ተቀብለው በቃላቸው አጠኑ፤ በ1916 ዓ.ም. ተጠመቁ፣ ክርስትና ያነሷቸውም እኚሁ ሴት ናቸው።

በ1918 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ከነበሩት ከአቶ ራህመቶ ጋር ተጋቡ፤ አቶ ራህመቶም ትዳሩ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው በንዳድ ሞቱ። ልጅ አልወለዱም። በዚያ ልቅሶ ከሦስት ቀን በላይ የተቀመጡት ወይዘሮ እልፍነሽና የሐጂ ባለቤት ወይዘሮ ሰሊማ ብቻ ነበሩ፤ እኛ አላፊ መንገደኛ ይመስል ደጃፍ ላይ ቆመን እግዜር ያጽናሽ ብለን ሄድን።

ወይዘሮ ዲንቄ ብቸኝነቱ ቢከብዳቸው በማኅበሩ ጽዋ ለመግባት ለመኑ። ከዚያች ቀን ጀምሮ በዚህ ዓለም የፈለጉት ነገር ይህ ብቻ ነበር፤ ከእኛ ጋር ተቀምጠው አብረው መጸለይ፣ ተራቸው ሲደርስ ጽዋውን ወደ ቤታቸው መውሰድ። እኛ ምራቅ የዋጥን ነን ባዮች ግን በእስላም ቤት የሚያድር ሰው የእስላም ሥጋ ሳይቀምስ አይቀርም አልን፤ አንዳንዱም ያልጠራ አማርኛቸውን እየቀዳ ሳቀባቸው። በመጨረሻ ያንን ቤት ለቅቀው ይምጡ ብለን ላክንባቸው። መልሳቸው እስከ ዛሬ በጆሮዬ ነው፤ «የሚያምነኝን ቤት ትቼ የማያምነኝ ቤት ልግባ?» አሉ። ትዕቢተኛ ናት ብለን ፊት ነሳናቸው።

በ1922 ዓ.ም. የጥቅምት ሚካኤል ተራ የወይዘሮ ሸዋወርቅ ነበር። ወይዘሮ ሸዋወርቅ እዚህ መካከላችን ናቸው፤ አንገታቸውን ባይደፉ ኖሮ ታዩአቸው ነበር። በዚያ ወር በንዳድ ወድቀው፣ ባላቸው ለንግድ አቦምሳ ሄደው፣ ውኃ የሚያቀብላቸው ሰው ስላልነበረ ወይዘሮ ዲንቄ ከሥራቸው መልስ እየመጡ አስታመሟቸው፤ ታማሚዋ ተራዬ ሊያልፍ ነው ብለው ቢያለቅሱም ጌሾውን ወቅጠው፣ ጠላውን ጠምቀው፣ ድፎውን ጋግረው ድግሱን አደረሱላቸው። እኛም መጣን፣ ጸለይን፣ በላን፣ ጠጣን፤ እንደዚህ ያለ ጠላ ቀምሰን አናውቅም ብለን መረቅን። ወይዘሮ ሸዋወርቅ ከአልጋቸው ሆነው ምርቃቱ የሚገባው ለዲንቄ እንደሆነ በተናገሩ ጊዜ የቀረው ጠላ ከነጋኑ ወደ ጓሮ ተደፋ፣ ድፎው ለውሻ ተጣለ፣ ጽዋውም በጠበል ታጠበ። ወይዘሮ ዲንቄ ይህ ሁሉ ሲሆን በማድቤቱ በር ቆመው ያዩ ነበር። ይደፋ ብሎ ያዘዘው የማኅበሩ ሙሴ፣ አለቃችሁ መርዳሳ፣ ማለትም ይህን ጽሑፍ የሚያነብላችሁ ሰው ነው። ወይዘሮ ሸዋወርቅም እሷ ባትኖር ሞቼ ነበር ለማለት ያህል እንኳ ትንፍሽ አላሉም።

ከዚያ በኋላ የሚመጡ አልመሰለንም ነበር። እሳቸው ግን በየወሩ በአሥራ ሁለት የባለተራውን ቤት አጠያይቀው እየመጡ ከአጥሩ ውጭ ተቀምጠው ጸሎቱን ይከታተሉ፣ እኛ አሜን ስንል አሜን ይሉ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆነ። እኛም ዓይናችንን በጨው አጥበን በአጠገባቸው እንገባ፣ በአጠገባቸው እንወጣ ነበር።

ባለፈው ሳምንት፣ በሰኔ ሚካኤል፣ ያ ሁላችሁም የምታስታውሱት ዝናብ ወረደ። እኛ በቤት ውስጥ ጽዋውን እየተቀባበልን ወይዘሮ ዲንቄ በአጥሩ ሥር ነጠላቸውን ተከናንበው እስከ መጨረሻው ተቀመጡ፤ ይግቡ ያላቸው ሰው አልነበረም፤ ሙሴውም አላላቸውም። በዚያው ሳንባቸው ታመመ፤ ወይዘሮ ሰሊማ ሌት ተቀን ቢያስታምሟቸውም፣ የነፍስ አባታቸውም መጥተው ንስሐቸውን ተቀብለው ቢያቆርቧቸውም፣ ትናንት ሰኔ 19 ቀን 1925 ዓ.ም. በተወለዱ በ33 ዓመታቸው ዐረፉ።

ሙሴው ትናንት ወደዚያ ቤት ሄዶ ነበር። ወይዘሮ ሰሊማ ወደ ማድቤቱ መርተው አንድ ድስት፣ አንድ ቢላዋና አንድ ሳህን ለብቻ በመደርደሪያ ላይ አሳዩት። ወይዘሮ ዲንቄ የተጠመቁ ዕለት ሐጂ መሐመድዘይን ለክርስትናቸው ብለው የለዩላቸው ዕቃ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የቤቱ ሥጋ አልነካውም፤ በጾም ቀንም የቤቱ ልጆች ወተት ይዘው አጠገባቸው እንዳይቀመጡ ይከለከሉ ነበር። እኛ ያወራነው ክስ ሁሉ አንድ ሰው ሄዶ ያንን ማድቤት ቢያይ የሚፈርስ ነበር። አንድም ሰው አልሄደም።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ደሊልና ሱሩር፣ የሐጂ ልጆች፣ ቃሬዛውን ከወንድሞቻቸው ጋር ተሸክመው እስከዚህ በር አመጡት፤ ሃይማኖታችንን አክብረው ከበሩ አላለፉም፤ የሚቀበላቸው ክርስቲያን ጠበቁ። እናንተም የማኅበራችን አባል አይደሉም እየተባባላችሁ፣ እርስ በርስ እየተያያችሁ፣ ሬሳው በእስላም ትከሻ ላይ እንዳለ ፀሐዩ ከረረ። ወይዘሮ እልፍነሽ በሰባ ዓመታቸው መጥተው ከቃሬዛው በታች ትከሻቸውን ባይሰጡና ሙሴውም አፍሮ ባይከተላቸው ኖሮ፣ አሁንም እዚያው በር ላይ በነበሩ።

ወይዘሮ ዲንቄ ታናሽ እኅታቸውን ከሪማን፣ የክርስትና እናታቸውን ወይዘሮ እልፍነሽን፣ ሐጂ መሐመድዘይንን፣ ወይዘሮ ሰሊማንና ልጆቻቸውን በኀዘን ጥለው አልፈዋል። የሚካኤል ማኅበር አባላት ስማችን በዚህ ዝርዝር እንዲገባ ትናንት ማታ ልካችሁብኛል፤ አልጻፍኩትም።

አምላከ ቅዱስ ሚካኤል የእኅታችንን የወለተ ሚካኤልን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ እኛን ግን፣ ሙሴውን አስቀድሞ፣ ይቅርታዋን የምንጠይቅበት ቀን እስኪመጣ ድረስ አያሳርፈን። አሜን በሉ።