አልተኩስም ያለው ወታደር

የሰው ወሬ ማዳመጥ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ይህን ግን ሰማሁት። ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጠ ወጣት አስተማሪ፣ አዲስ አበባ ያየውን የጦር ፊልም አጠገቡ ላሉ ሽማግሌ ያወራ ነበር።

«ሻለቃው ምርኮኞቹን ግደል ብሎ አዘዘው። ወታደሩ ግን ጠመንጃውን ወረወረና አልተኩስም አለ።»

«ሻለቃውሳ?»

«አፍሮ አንገቱን ደፋ።»

«ኧረ እባክህ! ሻለቃ ነው ወይስ መነኩሴ?»

«ፊልም ነዋ፣ አባባ! እኔም አላመንኩም። እንዲያውም አልተኩስም የሚል ወታደር የለም።»

«እሱስ አለ።»

«ትእዛዝ እኮ ነው! ማን ይደፍራል?»

«ልጄ ደፍሯል። የገበሬ ቤት አቃጥሉ ሲባሉ እምቢ አለ። አብሮት የነበረ ወታደር ነው የነገረኝ። አስረው ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም።»

አስተማሪው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አሁን እሱን ፍለጋ ነው የሚሄዱት?»

«ፍለጋውንስ ጨርሻለሁ። ሞጣ ያሉትን የነፍስ አባቴን ልጠይቅ ነው። እናቱ ተዝካሩን እናውጣለት ትላለች። ሬሳውን ያላየሁትን ልጅ ሞቷል ብዬ ልደግስ? ከሞተስ ያለ ተዝካር ልተወው?»

«ምን የሚሉዎት ይመስልዎታል?»

«እንጃ ልጄ። ጠብቅ ቢሉኝ እወዳለሁ፤ እናቱ ግን መጠበቁን አልቻለችም።»

ከ«እሺ» በቀር ሌላ መልስ እንዲሰጠኝ ፈቅጄለት የማላውቀውን ትልቁን ልጄን እያሰብኩ ሞጣ ገባሁ።