የአባ ጀምበሩ ጆሮና የሃጋር ቁጥሮች

አባ ጀምበሩ ከሀዳር ገበያ ወደሚኖሩበት ሰፈር ወደ ሃሊሳ ሲመለሱ፣ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ከጎረቤታቸው ልጅ ከሃጋር ጋር ተገናኙ። ሃጋር የዩኒቨርሲቲ ምሕንድስና ተማሪ ናት። እጅ ነሥታ፣ «እማማ የሻረግ ደኅና ናቸው?» ብላ ስለ ሚስታቸው ብትጠይቃቸው፣ «አዎን፣ ዝናቡ በርትቷል» ብለው መለሱላት።

ልጅቱ አልሳቀችም፤ ወደ ጆሯቸው ቀረብ ብላ ጮክ አድርጋ ደግማ ጠየቀቻቸው።

«ደኅና ናት» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። «ግን ልጄ፣ ካኮረፈችኝ ከራረመች። ጨዋታዋ አያልቅም ነበር፤ ዛሬ ‹ይብሉ›ና ‹ይተኙ› ብቻ ሆነ። ምን እንዳጠፋሁ አላውቅም።»

«አላኮረፉም፤ መጮህ ደክሟቸው ነው። ‹ፍቅር ሲጮኹበት ጠብ ይመስላል› ብለው ለእናቴ ነግረዋታል። የጆሮ መሣሪያ ለምን አያደርጉም?»

«ማሽን የሚያሰማኝ የራሱን ድምፅ እንጂ የእሷን አይደለም፤ የሻረግን በሐሰት ድምፅ ከምሰማ ዝምታው ይሻለኛል።»

ይህ የሞኝ ጥርጣሬ አይደለም፤ የሚወዱትን ሰው ድምፅ ከሐሰት የመጠበቅ ጥርጣሬ ነው። ሃጋርም ስለ ገባት፣ «ቤሰደር፣ እሺ፣ እንግዲያው ዳኛው እርስዎ ይሁኑ» ብላ ባልና ሚስቱን ወደምትማርበት ላቦራቶሪ ጋበዘቻቸው።

በቀጠሮው ቀን መስኮቱን ከፍታ፣ የእማማ የሻረግን ንግግር ከመንገዱ ጫጫታ ጋር ቀዳች። አባ ጀምበሩ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ ቢያደርጉ የሰሙት የአውቶቡስ ጉምጉምታ ብቻ ነው።

ሃጋር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አስረዳች፦ «ኮምፒዩተሩ ድምፁን ቁጥር አድርጎ በረጅም ረድፍ ይደረድረዋል። እኔ ደግሞ ጉምጉምታውን የሚቀንስ፣ ቃሉን የሚያጎላ አጭር የቁጥር ረድፍ መርጫለሁ። ፕሮግራሙ አጭሩን ገልብጦ በረጅሙ ላይ ያንሸራትተዋል፤ በየቦታው የተገጣጠሙትን አባዝቶ ይደምራል። ድምሮቹ ተራ በተራ አዲሱን ድምፅ ይሠራሉ። ኮንቮሉሽን ይባላል። ከጆሮ ኋላ የሚቀመጠው አዲሱ መሣሪያም በቅጽበት እንዲህ ያለውን ስሌት ይሠራል።»

«ቁጥሮችሽ ያልተናገረችውን ቢጨምሩስ?»

«አባ ጀምበሩ፣ ወንፊት ያልተፈጨ ዱቄት ያወጣል?»

«ከየት አምጥቶ!»

«ይህም እንደዚያው ነው። ዝምታ ዜሮ ነው፤ ዜሮን በምንም ቢያባዙት ቃል አይወጣውም።»

ሽማግሌው ማዳመጫውን መልሰው አደረጉ፤ ሃጋርም በቁጥሮቿ የተጣራውን ድምፅ ከፈተችላቸው። ጉምጉምታው ራቀ። ከሥሩ የለመዱት፣ ለስለስ ያለው ድምፅ መጣ፦ «የይፋት ልጅ እኮ ጥርስ አወጣች። ልነግርዎ ፈልጌ ነበር፤ ተጩሆ የሚነገር ስላልመሰለኝ ተውኩት።»

አባ ጀምበሩ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «የልጃችን ልጅ ጥርስ አወጣች? የላዩን ነው የታቹን?»

እማማ የሻረግ ሳቅ እያሉ የራሳቸውን የታች ጥርስ በጣታቸው ነካ አድርገው አሳዩአቸው።

አባ ጀምበሩ ሳይውሉ ሳያድሩ ከጤና መድን ድርጅታቸው ከኩፓት ሆሊም መሣሪያውን አስደረጉ። አሁን የሐኪሙን ትእዛዝ ሌላ ሰው ሳይደግምላቸው ይሰማሉ፤ መንገድ ሲሻገሩ የመኪና ጥሩምባ ያስጠነቅቃቸዋል፤ እማማ የሻረግም የቤታቸውን ምሥጢር ሰፈር እስኪሰማ መጮህ ቀረላቸው። እንደ እሳቸው ጆሮው የከበደ ወዳጃቸው ታፈረ «ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» ባላቸው ጊዜ፣ አባ ጀምበሩ እጁን ይዘው እንዲህ አሉት፦

«ለራስህ ብለህ ባይሆን እንኳ፣ ሊነግሩህ ፈልገው ለሚተዉት ስትል አድርገው።»