ኔልዳ ፕሩት ሱቄ የተመላለሰችበት ምክንያት

የምስክር ስም፦ ዴልመር ሬይ ዮከም
ዕድሜ፦ 61 ዓመት
ሥራ፦ የጦር መሣሪያ ሽያጭና ጥገና
አድራሻ፦ አርካንሶ፣ ደብል ፎርክ ከተማ፣ ከከብት መኖ መደብሩ ጎን
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ቦታ፦ ኦክቶበር 17 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.፣ በካውንቲው ሸሪፍ ጽሕፈት ቤት
ቃሉን የተቀበሉት፦ ምክትል ሸሪፍ ካርላ ስታምፕስ

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር፣ የማውቀውን እንድናገር፣ የማላውቀውንም አላውቅም እንድል ተነግሮኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ሲጻፍ እንዳይታረምብኝ፣ ያልኩት እንዳለ እንዲሰፍር ጠይቄ ምክትል ሸሪፏ ተስማምተውልኛል።

የተጠራሁበት ጉዳይ ይህ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ዌንደል ፕሩት የሟች ወንድሙን የጋርላንድን ቤት የጓሮ በር ሰብሮ ሲገባ፣ የጋርላንድ ሚስት ኔልዳ ፕሩት ተኩሳ ጭኑን አቁስላዋለች። ዌንደል ሆስፒታል ተኝቶ በሰጠው ቃል የወንድሙን ዕቃ ሊወስድ እንደሄደ፣ እርሷ ግን አንድ ወር ሙሉ እኔ ሱቅ እየተመላለሰች ስትሰናዳ ከርማ አድብታ እንደጠበቀችው ተናግሯል። በዚህ የተነሳ ኔልዳ ታስራለች፤ የአልጋ ቁራኛ የሆኑት እናቷም በጎረቤት እጅ ወድቀዋል። ተኩሱ ሲተኮስ እኔ እዚያ አልነበርኩም፤ ስለ እርሱ የምለው የለኝም። ሱቄ አራት ጊዜ መምጣቷ ግን እውነት ነው። ለምን እንደተመላለሰች የማውቀው እኔ ነኝ፤ እርሷ እንኳ በሙሉ አታውቀውም።

መጀመሪያ የመጣችው በሴፕቴምበር፣ የእርግብ አደን ወቅት በተከፈተበት ቅዳሜ ጠዋት ነው። በዚያ ቀን ሱቄ ውስጥ መቆሚያ አይገኝም። የሚገዛው ጥቂት ነው፤ የቀረው ኮካ ኮላው ውስጥ ኦቾሎኒ ጨምሮ እየጠጣ፣ አምና ስላመለጠው አጋዘን የሚያወራ ነው። ኔልዳ የጋርላንድን ባለ አሥራ ሁለት ቁጥር ሾትገን በአልጋ ልብስ ጠቅልላ ገባች። እርሷ ከባንኮኒዬ ብዙም የማትበልጥ ሴት ናት። ጋርላንድ ደግሞ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ሰው ነበር። ጠመንጃውን ባንኮኒው ላይ ፈታችና፣ «ዴልመር፣ ይቺን ቁረጥልኝ» አለችኝ።

በእኛ አገር ባል ሲሞት ጠመንጃው ለሚስቱ ልክ ይቆረጣል። ሰደፉን በመጋዝ አሳጥሮ መስጠት ከቀብር በኋላ የማይቀር ነገር ነው፤ አባቴም እኔም ለስንቷ ቆርጠናል። ሰው የሚረሳው ግን እንጨቱ ሲያጥር ጠመንጃው አለመለዘቡን ነው። እንዲያውም ይቀልና ይብስበታል። ትከሻዋን እንደ በቅሎ ይረግጣታል፤ ሁለተኛም አትነካውም። ከዚያ በኋላ ጓዳ ውስጥ ተሰቅሎ ይዝጋል።

ሆይት ሊምበርት የተባለ፣ ከሱቄ ወንበር የማይነሳ ጎረቤቴ፣ «ለኔልዳማ የውሃ ሽጉጥ ስጣት! እሱም ከከበዳት ወንጭፍ!» ብሎ ጮኸ። እርሷም ዞር ሳትል፣ «ሆይት፣ አንተ አምና በዚያ በትልቁ ጠመንጃህ የገደልከው የራስህን ጎማ አይደለም እንዴ? የኔ መኪና ቢያንስ ደህና ናት» አለችው። ቤቱ በሳቅ አውካካ። ሆይት ራሱም ሳቀ፤ ምን ያድርግ።

የሰደፉን ጫፍ በክርኗ እጥፋት ላይ አሳርፌ ጣቷ ቃታው ጋ ይደርስ እንደሆነ አየሁ። አልደረሰም። መቁረጡ ቀላል ነበር። ነገር ግን ሰደፉ ላይ፣ ጋርላንድ ጉንጩን ያሳርፍበት በነበረው ቦታ፣ ቀለሙ ለቆ እንጨቱ ነጥቷል። ኔልዳ ቁረጥልኝ እያለች ያንን ቦታ በአውራ ጣቷ ትደባብስ ነበር። በዚያች ሰዓት በሞተ ሰው ቀናሁ። እንደዚያ የሚደባብሰኝ ይቅርና ኮቴን ተቀብሎ የሚሰቅልልኝ ሰው በቤቴ ኖሮ አያውቅም።

«ይቺ አትቆረጥም» አልኳት። «እንዳለች ግድግዳሽ ላይ ስቀያት። ላንቺ የምትሆን ሌላ እንፈልጋለን።» ዓይኗ ውሃ ሞላና፣ «እሺ፣ አንተ ካልክ» አለች።

ወደ መጠገኛ ክፍሌ ወስጃት ለምን እንደፈለገችው ጠየቅኋት። ዌንደል ከቀብሩ ወዲህ በቀን በብርሃን እየመጣ በሩን እንደሚነቀንቅ፣ የጋርላንድን መኪናና የአደን ውሾቹን «የወንድሜ ነው» እያለ እንደሚጠይቅ፣ እናቷ ድምፁን ሲሰሙ እንደሚንቀጠቀጡ ነገረችኝ። ምክትል ሸሪፏ፣ «ኔልዳ ስለ ጥይት ምን ጠየቀችህ?» ብለውኛል። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «እማማ ከግድግዳው ጀርባ ነው የምትተኛው። ግድግዳ የማያልፍ ጥይት አለ?» አለችኝ። ሰው የሚያስቆም ነገር ሁሉ የእኛን ቤት ስስ ሳንቃ እንደሚያልፍ፣ ስለዚህ ጥይት ከመምረጥ መቆሚያ መምረጥ እንደሚቀድም ነገርኳት። ቤቷን አውቀዋለሁ። እናቷ ከኋላዋ እንዲሆኑ፣ አፈሙዙ ወደ ጓሮ በሩና ወደ እንጨት ክምሩ እንዲዞር፣ ከእናቷ ክፍል በር እንዳትወጣ፣ መጀመሪያ ስልክ እንድትደውልና ጮክ ብላ እንድታስጠነቅቅ መከርኳት። ሰው ልትገድል የምትሰናዳ ሴት ስለ ግድግዳ አትጠይቅም ብዬ አምናለሁ።

የመረጥኩላት ሃያ ቁጥር ሾትገን ነው፤ ከአሥራ ሁለት ቁጥር አነስ ያለ ጥይት ይጎርሳል። በእጅ እየተሳበ የሚቀባበለውን አሳየኋት፤ ክንዷ አጭር ስለሆነ እስከ መጨረሻው አትስበውም ነበር፣ የደነገጠ ሰው ደግሞ ይብስበታል። ወንዶቹ ለሚስቶቻቸው የሚገዙትን አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርሰውንም ቀላል ጠመንጃ አነሳች። «ይሄ ላባ ነው!» ብላ ተደሰተች። ቀላል ጠመንጃ ክፉ መቺ መሆኑን፣ ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚመጣውን ግፊት የጠመንጃው ክብደት እንደሚውጥላት ነገርኳት። በመጨረሻ በራሱ የሚያቀባብለውን፣ ጠንከር ያለውን ወሰድን። እንደ ሌሎቹ አይራገጥም።

እርሷ ስለ ግፊት ሲወራ ለምን እንደምትሸማቀቅ አውቅ ነበር። አዲስ ሙሽራ ሳለች፣ በጁላይ የቤተ ክርስቲያን ግብዣ ላይ፣ ጋርላንድ ከባድ ጥይት ያጎረሰውን ጠመንጃውን ሰጥቷት ተኮሰች፤ ሣሩ ላይ በጀርባዋ ወደቀች። እዚህ ወንድ ሁሉ በአዲስ ሚስቱ ላይ የሚያደርገው ቀልድ ነው። ያ ሁሉ ሰው ሳቀ፤ ጋርላንድም ሳቀ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ጓደኛዬ ነበር፣ ያን ቀን ግን ጠላሁት። ከሎሚ ጭማቂው በርሜል በረዶ በባርኔጣዬ አምጥቼ ሰጠኋት። ትከሻዋ ላይ ይዛው፣ «አንተ ብቻ ነህ ያልሳቅከው» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እወዳታለሁ። ይህ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

አሁን ወደ ተጠየቅሁት እመጣለሁ። ሃያ ቁጥሩም ቢሆን ሰደፉ ይረዝማት ስለነበር አንድ ኢንች ተኩል መቆረጥ ነበረበት። ይህን በመጀመሪያው ቀን ለክቼ አውቄዋለሁ። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ በማግስቱ መጥታ ልትወስደው ትችል ነበር። እኔ ግን ግማሽ ኢንች ብቻ ቆረጥኩና በሚቀጥለው ሳምንት እንድትመጣ ነገርኳት። ስትመጣ ትከሻዋ ላይ አስያዝኳት፣ ዓይኗን ጨፍና እንድትገልጥ አደረግሁ፣ ዓይኗ ከአፈሙዙ ጋር ይገጥም እንደሆነ አየሁ። እንደማይገጥም አስቀድሜ አውቅ ነበር። «ገና ነው» አልኳት።

«ለምን አንድ ጊዜ አትቆርጠውም?» አለችኝ።

«የተቆረጠ እንጨት አይቀጠልም። ቀስ ነው የሚባለው» አልኳት። ይህ በሙያችን እውነት ነው። እኔ ግን የተናገርኩት እንድትመለስ ነው። እንደገና ግማሽ ኢንች ቆረጥኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ቤት ውስጥ የምትደርበውን ልብስ ለብሳ እንድትመጣ ነግሬያት ነበር፤ ልብስ ሲወፍር ሰደፍ ማጠር አለበትና። የጋርላንድን የሥራ ጃኬት ለብሳ፣ እጅጌውን ጠቅልላ መጣች። «ከሞተ ወዲህ ከሱ ሌላ አልደርብም» አለችኝ። እኔም የሰውዬውን ጃኬት ጨምሬ ለክቼ የመጨረሻውን ግማሽ ኢንች ቆረጥኩ። ሞኝ ነህ የሚለኝ ካለ ልክ ነው።

በመጣች ቁጥር ራሷ የጋገረችውን ባለ ፖም ኬክ በወረቀት ጠቅልላ ታመጣልኝ ነበር። ሆይት፣ «ዴልመር፣ ሰደፉ እያጠረ አንተ እየወፈርክ ነው!» ይለኝ ነበር። እርሷ በማትመጣባቸው ቀናት በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና እል ነበር፤ የሚገባው ግን ሆይት ነበር።

አራተኛው ጊዜ ባለፈው ሳምንት ዓርብ ነው። የሚቆረጥ ነገር አልቋል። ከሱቄ ጀርባ የወረቀት ሳህን ሰቅዬ አምስት ጥይት አስተኮስኳት። ዌንደል መሰናዳት ያለው ይህንን ከሆነ፣ ያ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ስትተኩስ ጥርሷን ነክሳ ነበር፤ አልመታትም። «ይኸው ነው እንዴ?» ብላ እንደ ልጅ ሳቀች። ከዚያ አወረደችውና፣ «መቼም እንዳልተኩሰው ጸልይልኝ፣ ዴልመር» አለችኝ። ጸልያለሁ። ሌላ ልመናም ጨምሬበታለሁ።

ስትወጣ፣ «አሁንስ ልክ ነው አይደል?» አለችኝ። «ልክ ነው» አልኳት። «ታዲያ ምነው ፊትህ ጠቆረ?» አለች። መብራቱ ነው አልኳት። መኪናዋ በመኖ መደብሩ እስክትታጠፍ ቆሜ አየሁ። ከዚያ በኋላ ሱቁን ዘግቼ ወደ ቤቴ ብሄድም እራት አልበላልኝም።

ሥራውን ሆን ብዬ ለማዘግየቴ ማስረጃ እንዳለኝ ተጠይቄ፣ ከሰደፉ የተቆረጡ ሦስት የእንጨት ቁራጮች አስረክቤአለሁ። እያንዳንዳቸው ግማሽ ኢንች ናቸው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይመርምራቸው፤ በመጀመሪያው ቀን ያደረግሁት የእርሳስ ምልክት የሚገኘው በመጨረሻው ቁራጭ ጫፍ ላይ ነው። ይኸውም ምን ያህል እንደሚቆረጥ ከመጀመሪያው ማወቄን ያሳያል። እርሷ አልተሰናዳችም። እኔ ነኝ ያመላለስኳት።

ከኔልዳ ጋር ምን ዓይነት ግንኙነት እንዳለኝ ተጠይቄ፣ ምንም የለንም ብያለሁ። የጓደኛዬ ሚስት ነበረች፤ አሁንም እርሷ በልቧ የእርሱ ሚስት ናት። ለእርሷ ስትል ትዋሻለህ ወይ ተብዬም ተጠይቄአለሁ። እዋሻለሁ፤ ዓይኔን ሳላሽ እዋሻለሁ። ብዋሽ ኖሮ ግን ራሴን የማያዋርድ ውሸት እመርጥ ነበር።

ምክትል ሸሪፏ ቃሉን አንብበውልኝ ሲጨርሱ ብዕራቸውን አስቀምጠው፣ «አቶ ዮከም፣ ይሄ ፍርድ ቤት ጮክ ተብሎ ነው የሚነበበው። እሷ ቁጭ ብላ ነው የምትሰማው፤ ከተማውም ጭምር። እንደሚወዷት ያሉትን ልሰርዝልዎ?» አሉኝ። ያ ከተሰረዘ ለምን እንደተመላለሰች የሚናገር ነገር እንደማይቀር ገባኝ። ሆይት ከፊት ወንበር ተቀምጦ እንደሚሰማም ገባኝ። ውሃ ጠይቄ ጠጣሁ። ከዚያም አይሰረዝ፣ የሚያነበው ሰው ግን እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ እንዳይቸኩል ይነገርልኝ አልኩ።

ስለ ጠመንጃው የተናገርኩትም ሆነ ስለ ኔልዳ ፕሩት የተናገርኩት እኩል እውነት መሆኑን፣ በየትኛውም ቦታ ቢጠይቁኝ ቃሌን እንደማላጥፍ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ዴልመር ሬይ ዮከም
ቃሉን የተቀበሉት ኃላፊ ፊርማ፦ ምክትል ሸሪፍ ካርላ ስታምፕስ