ሃምሳ አለቃው ያላስረከቡት ሸክም

ዝናብ ማዕረግ አይለይም፤ አለቃውንም ምንዝሩንም አንድ ጣራ ሥር ይሰበስባል። ባልደረቦቻቸው «ብረቱ» የሚሏቸው ሃምሳ አለቃ ተረኝነታቸውን ጨርሰው ወደ ቤት ሲያዘግሙ ዶፍ ወረደባቸው። አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ቢጠለሉ፣ ከጎናቸው የቆመችው የጣቢያው አዲሷ የሥነ ልቦና አማካሪ ሆና ተገኘች። ጣቢያ ውስጥ ሲያዩዋት መንገድ ይቀይሩ ነበር፤ አሁን ግን ማምለጫ አልነበረም።

«እንደምን ዋሉ፣ ሃምሳ አለቃ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። ማልቀሻ ክፍሉስ ገበያ አለው?» ይህን ስም ለክፍሏ ያወጡለት ራሳቸው ነበሩ።

እሷም ሳቀች። «ቀዝቅዟል። ከሚገቡት ይልቅ በር ላይ ደርሰው የሚመለሱት ይበዛሉ።»

«አትቀየሚኝና ደግ አደረጉ። ፖሊስ ሆዱን ለሰው ከዘረገፈ ሌባው ማንን ይፈራል? እኛ ስንቱን አይተን ዋጥ አድርገነዋል። ሆድ ከአገር ይሰፋል!»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ተረኛ ሲወጣ ምን ምን ያስረክባል?»

ይህማ የእሳቸው ግዛት ነው። «ሽጉጡን፣ ሬዲዮውን፣ የእስረኛ ክፍሉን ቁልፍ። አንድ ነገር ጎድሎ ከበር የሚያልፍ እስቲ ማን ወንድ!»

«መልካም። ሰሞኑን ከተገለበጠው አውቶቡስ ሰው ስታወጡ ዋላችሁ። ያን ቀን ያዩትንስ ለማን አስረከቡ?»

 ሃምሳ አለቃው ለማን እንዳስረከቡ ያውቁታል። የዚያን ዕለት ምሽት ባለቤታቸው የድስት ክዳን ሲወድቅባት፣ በድንጋጤ ተነሥተው ክንዷን ጨምድደው ከግድግዳ ጋር አጣበቋት። ይቅርታ እንኳ ከአፋቸው አልወጣም። ሴትየዋም አልጮኸችም፤ በማግስቱ ልብሷን አጣጥፋ «እሑድ ከልጄ ዘንድ እሄዳለሁ» አለች። መመለሻዋን አልተናገረችም።

ይህን ሁሉ መሬት መሬት እያዩ ነገሯት።

«ሸክም ማራገፊያ ሲያጣ ቤት ድረስ ይከተላል፤ የሚያርፈውም ቅርብ ባለው ሰው ላይ ነው» አለች አማካሪዋ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ?»

«ብገባስ? ሽጉጤን ነጥቀው መዝገብ ቤት ሊጥሉኝ? ‹ብረቱ ዛገ› ሊያስብሉኝ?»

ዋናው ፍርሃት ይኸው ነበር፤ የእሳቸው ብቻ ሳይሆን የጣቢያው ሰው ሁሉ።

«አልዋሽዎትም። የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ዝም አልልም፤ ያኔም አስቀድሜ ለእርስዎ እነግርዎታለሁ። ከዚያ ውጭ የነገሩኝ ከእኔ አያልፍም፤ አዛዡም አይጠይቁኝም። የባለቤትዎ ይቅርታ ግን የእርስዎ ዕዳ ነው፤ እኔ አልከፍልልዎትም።»

ዝናቡ አባራ፤ ሁለቱም ግን ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም።

በማግስቱ መሣሪያ ለማስረከብ የተሰለፈው ሁሉ እያያቸው ሃምሳ አለቃው የአማካሪዋን በር አንኳኩ። አንድ ወጣት ፖሊስ ፈገግ ሲል «ምን ያስገለፍጥሃል? ከእኔ ቀጥሎ አንተ ነህ!» አሉት። ለቀልድ ነበር፤ ወጣቱ ግን እውነትም ገባ።

ዛሬ በዚያ ጣቢያ ከባድ አደጋ ያየ ተረኛ ቁልፉን አስረክቦ ብቻ አይሄድም። ከጓዶቹ ጋር ቁጭ ብሎ ይነጋገራል፤ የበታቾቹ እንዳይፈሩም አለቃው ቀድሞ ይናገራል። ባለጉዳይ ላይ መጮህ ቀንሷል፤ በሆነ ባልሆነው ከሥራ የሚቀረውም እንደዚሁ። አንባቢ ሆይ፣ እጁ የተሰበረ ፖሊስ ጄሶ ሲታሰርለት ፈሪ የሚለው የለም፤ መንፈሱ የተሰበረውንስ ለምን እናሳፍረዋለን?

ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ግን የታየው ገና እሑድ ሳይደርስ፣ በሃምሳ አለቃው ቤት ነው። ባለቤታቸውን አስቀምጠው ይቅርታ ጠየቋት፤ ከዚያም አውቶቡሱ ውስጥ የሞተች እናቱን እጅ አልለቅ ስላለው ሕፃን፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ እንዴት እንዳላቀቁ ነገሯት። ሃምሳ አለቃው በትዳር ዘመናቸው ስለ ሥራቸው ሲያወሩላት ይህ የመጀመሪያው ነበር።



«ይሄን ሁሉ ዘመን እኮ» አለች ሴትየዋ፣ «እኔ የሰለቸሁህ መስሎኝ ነበር።»