የመጀመሪያው ቁራጭ ጉበት

ወልቂጤ፣ ቅዳሜ ጠዋት፤ ባለ ሥጋ ቤቱ አቶ ዘበርጋና ልጁ ትብለጥ ከባንኮኒው ኋላ ተፋጠዋል፤ ቢላዋው በትብለጥ እጅ ነው፣ ደንበኞች ደጅ ቆመዋል።

ዘበርጋ፦ ቢላዋውን አምጪ ብያለሁ!

ትብለጥ፦ አላመጣም ብያለሁ!

ዘበርጋ፦ ሰው ደጅ ቆሟል እኮ፣ አንቺ ልጅ! ጉበቱን ቆርጬ ፊታቸው ካልጎረስኩ ማን ይገባል? አባቴም እንዲህ እያደረገ ነው የሸጠው።

ትብለጥ፦ እሱ ሪህ አልነበረበትማ! አንተ ያቺን አውራ ጣትህን ካልሲ እንኳ አታስነካም። ባለፈው ደግሞ ታፋ ተሸክመህ ስትገባ ደረትህን ይዘህ ቁጭ አልክ። ልብህ ታሟል ተባልክ። ዶክተሯ ምን ነበር ያለችህ?

ዘበርጋ፦ ቀይ ሥጋ ተው አለች። ጉበት ቀይ ነው? ጥቁር ነው!

ትብለጥ፦ ወይ ጉድ! ኩላሊቱስ?

ዘበርጋ፦ እሱማ ሆድ ዕቃ ነው፤ ከሥጋም አይቆጠር።

ትብለጥ፦ አባዬ፣ እሷ ስታስረዳ አንተ ጣሪያ ጣሪያውን ታይ ነበር። የሰማሁት እኔ ነኝ። ፑሪን የሚባል ነገር አለ፤ ጉበትና ኩላሊት ውስጥ ደግሞ ይብሳል። ሰውነትህ ሲያፈርሰው ዩሪክ አሲድ ይወጣዋል፤ ጣትህ ላይ ቤት የሠራው እሱ ነው። ሲፈርስ ደግሞ እንደ ብየዳ ብልጭታ የሚረጭ ነገር አለው፤ የደም ሥርህንም ልብህንም ያቆስላል።

ዘበርጋ፦ ደረቴ ውስጥ ብየዳ ቤት ተከፍቷል በይኛ!

ትብለጥ፦ እሺ፣ ትናንት የሰቀልከው ሥጋ ላዩ ለምን ጠቆረ?

ዘበርጋ፦ አየር መታው።

ትብለጥ፦ አየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ነው። ያ ብልጭታ ያልኩህም የኦክስጅን ዓይነት ነው፤ ልብህንም ከውስጥ እንደዚያ እየመታው ነው።

ዘበርጋ፦ ታዲያ እኔ የጠቆረውን ገፍፌ እጥላለሁ፤ ከሥሩ ቀይ ይወጣል።

ትብለጥ፦ ልብህንስ ማን ይገፍፍልሃል?

ዘበርጋ፦ ክኒኔን ውጬ አንዲት ቁራጭ ብቻ። ጥፍር የምታክል።

ትብለጥ፦ ባለፈው ቅዳሜም ጥፍር ብለህ ነበር። የዝሆን ጥፍር መሆኑን ግን አልነገርከኝም።

ዘበርጋ፦ አንቺ ሳቂ! ባለቤቱ ያልቀመሰውን ሥጋ ማን ይገዛል? ሥጋው አንድ ነገር ቢኖረው ነው ይሉና መንገዱን ተሻግረው እዚያ ማዶ ይገባሉ። ቤቱ ከተዘጋ እናንተን ምን ላበላችሁ ነው?

ትብለጥ፦ አንተ ከተዘጋህስ?

ዘበርጋ፦ ተይ እንጂ… ቆይ፣ ጉበቱን የት ልትወስጂው ነው?

ትብለጥ፦ ልቆርጠው ነዋ። ዳጣውን አቀብለኝ።

ዘበርጋ፦ አንቺ? ጥሬ ሥጋ ገና ስታዪ አፍሽን ይዘሽ የምትሮጪው?

ትብለጥ፦ እሮጣለሁ። ዛሬ ግን ጎርሼ ነው የምሮጠው።

ዘበርጋ፦ ኋላ ኮሶ ይዞሽ እንዳታለቅሺብኝ።

ትብለጥ፦ ኮሶ በክኒን ይወርዳል። ያንተ ልብ አንዴ ከቆመ በምን ክኒን ይነሳል? ጋሽ ሳህሌ፣ ደጅ አይቁሙ፣ ይግቡ! ሁላችሁም ግቡ! ከዛሬ ጀምሮ ጉበት ቀማሿ እኔ ነኝ!

ዘበርጋ፦ በስመ አብ! አንሷል፣ አንሷል፤ እንዲህ በትንሹ ከቆረጥሽው ሰው ይጠራጠራል። ጨምሪበት… እንደሱ። በይ ጉረሺ… ፊትሽን አታጨማድጂ፣ እያዩሽ ነው!