ተረከዜና የሽምግልናው ቀጠሮ

ለጎረቤቴ ልጅ ሚስት ልንጠይቅ ሦስት ሽማግሌዎች ሆነን እዚሁ ደብረ ማርቆስ አንድ ጡረተኛ መምህር ቤት ሄድን። እንደ ወጉ «ልጅዎን ካልሰጡን አንቀመጥም» ብለን ቆምን። እኔ ግን ግራ ተረከዜ ሚስማር እንደተሰካበት ስለሚወጋኝ የቆምኩት በእግሬ ጣት ነበር። መምህሩ ንግግሬን ትተው እግሬን ያያሉ።

«ወንድሜ፣ የሚብስብዎ ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ ነው? ትንሽ ሲራመዱ ቀለል ይላል?»

«ማን ነገረዎ?» አልኩ ደንግጬ። ስኳር ነው፣ እግሬ ሊቆረጥ ነው እያልኩ ለሚስቴ እንኳ ሳልነግር ከርሜያለሁ።

«እኔንም ዕድሜዬን ሁሉ ሰሌዳ ፊት ስቆም አግኝቶኛል። ከተረከዝ እስከ ጣት የተዘረጋው ጅማት ተጎድቶ ነው። ሌሊት ይኮማተራል፣ ጠዋት ሲረግጡት ይሳባል። ከአልጋ ሳይወርዱ የእግርዎን ጣቶች በእጅዎ ወደ ራስዎ ይሳቡ። ሲቀመጡ ጠርሙስ በውስጥ እግርዎ ያንከባልሉ። ይህ ጫማ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ዘጠኝ። ሶሉ ገና አላለቀም።»

«እርስዎን ግን እየጨረሰዎት ነው! ወፈር ያለ ሶል ያለው ይግዙ፣ በባዶ እግርዎም ሲሚንቶ አይርገጡ። ለልጄ ጉዳይ ከሁለት ወር በኋላ ተመለሱ፤ እርስዎ ሳያነክሱ ይምጡ።»

ሐኪም ቤት ሄድኩ፤ ያሉት ልክ ሆነ፣ ስኳርም አልተገኘብኝም። ዋጋው እያንገበገበኝ ጫማውን ገዛሁ፣ የታዘዝኩትንም ጠዋት ማታ ሠራሁ።

በቀጠሮው ቀን ሕመሙ ጨርሶ ባይለቀኝም በሙሉ እግሬ ረግጬ ገባሁ። መምህሩ ከፊቴ በፊት እግሬን አዩና ሳቁ።

«በሉ እንግዲህ ተቀመጡ፤ ልጄን ሰጥቻለሁ።»

ምሥራቹን ለጎረቤቴ ላደርስ ስወጣ ባጃጅ አልጠራሁም። በእግሬ ሄድኩ።