የአልታየች ነጠላና የአራስ ቤት ደጅ

ተላላፊ በሽታ በአገር ላይ በተነሣ ጊዜ ነፍሰ ጡርንና አራስን ከልቡ የሚወድ ሰው ፍቅሩን የሚገልጸው ወደ ደጃቸው በመቅረብ ሳይሆን ከደጃቸው በመራቅ ነው። ናፍቆት ኃጢአት አይደለም። ናፍቆቱን መግዛት ያልቻለ ሰው ግን የናፈቀውን በገዛ እጁ ያጠፋዋል። ይህ ታሪክ የሚያስረዳው ይህንኑ ነው፤ ምስክሬም ከደነባ የመጡ አንዲት እናት ናቸው።

ዘመኑ ሺህ ስምንት መቶ ሰባዎቹ ዓመታት ነበር። ቤተ መንግሥቱ ፊቱን ወደ እንጦጦ አዙሮ፣ አንኮበር ግርማዋ ሳይለያት ጫጫታዋ ብቻ እየቀነሰ የሄደበት ወቅት ነው። እኔ በዚያን ጊዜ ዜማ አስተምር ነበር። በጥቅምት ወር ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ስመለስ፣ ቀድሞ ተማሪዬ የነበረው ዲያቆን ገብረአማኑኤል አብሮኝ ይጓዝ ነበር። ይህ ወጣት ኢየሩሳሌምን ተሳልሞ፣ በዚያም ገዳም ጥቂት ዓመታት ተምሮ የተመለሰ ነው።

ከጎረቤላ በላይ፣ የጓሣው ሣር በነፋስ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ስንደርስ ሁለት መንገደኞች ከድንጋይ ካብ ሥር ተጠግተው አገኘን። አንደኛዋ የሐዘን ልብስ የለበሱ ሴት ናቸው። ሁለተኛው ፊቱን የቀድሞ ፈንጣጣ የቦረቦረው፣ ልብስ የተከመረባቸው አህዮች የሚነዳ ነጋዴ ነው።

«እንደምን ዋላችሁ» አልናቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንደምን ዋሉ፣ የኔታ» አሉ ሴትዮዋ ብድግ ብለው። «በሰለች እባላለሁ። ይህ የአገሬ ሰው ይሁኔ ይባላል። አንኮበር ልጄ ዘንድ እየሄድኩ ነው። ሸዋወርቅ ቀኗ ገብቷል። ስንት ዘመን በስለት የለመንነው ፅንስ ነው! እኔ ካልደረስኩላት ማን ወገቧን ይይዝላታል?»

«ማርያም ትቅረባት» አለ ዲያቆኑ። «ከወዴት ነው የመጡት፣ እናቴ?»

«ከደነባ።»

ሊቀመጥ ጎንበስ ብሎ የነበረው ዲያቆን ቀና አለና ባለበት ቆመ።

«ደነባ ፈንጣጣ ገብቷል ሲባል ሰምተን ነበር።»

«ገብቷል፣ ልጄ። ታላቅ እህቴን አልታየችን በልቶብኛል።» ይህን ብለው ከብብታቸው አንድ ታጥፎ የኖረ ነጠላ አወጡ፤ ከብዙ መታጠብ የተነሣ እንደ ጥጥ የለሰለሰ ነበር። «ይህ የእርሷ ነው። እኛ ዘንድ በኩር ልጅ በአዲስ ሸማ አይታቀፍም፤ ይሻክረዋል። የአያት ቤት አሮጌ ነጠላ ነው የሚጠቀለልበት። ሸዋወርቅን የወለድኳት እኔ፣ ያሳደገቻት ግን አልታየች ናት። የሸዋወርቅን ልጅ ባታይ እንኳ ጠረኗ ይቀፈው ብዬ ያዝኩት።» ነጠላውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

የዚህን ልማድ ቁም ነገር አላቃልልም። ሕፃኑን ከለስላሳ ጨርቅ ጋር የዘመዶቹ ፍቅር እንዲያገኘው ያሰቡ ሰዎች የሠሩት ልማድ ነው። ነገር ግን ደግ ሐሳብ የወለደው ልማድ ሁሉ በክፉ ዘመን ደግ ሥራ አይሠራም።

«እናቴ፣ አይቆጡኝ» አለ ገብረአማኑኤል። «ይህ ነጠላ ሸዋወርቅ ቤት መግባት የለበትም። እርስዎም ቢሆኑ ለጊዜው መግባት የለብዎትም።»

ይሁኔ ከት ብሎ ሳቀ። «እሰይ! አባ ዲያቆን ባሕር ተሻግረው የተማሩት ከአሮጌ ነጠላ መሸሽን ነው? እነሆ አህዮቼ የተሸከሙት ሁሉ የደነባ ሙታን ልብስ ነው። ከየቤቱ በእጄ አውጥቼዋለሁ፣ ሌሊትም ለብሼው አድራለሁ። ምን ነካኝ? አህዮቼንስ ምን ነካቸው?»

«አንተን በልጅነትህ ይዞ ለቆሃል፤ ፊትህ ይመሰክራል። አንድ ጊዜ የያዘውን ሰው ዳግመኛ እንደማይነካው ደነባም አንኮበርም ያውቃል። አህዮችህም አራስ አይጠይቁም።»

ሴትዮዋ ሐዘናቸውን ረስተው ፈገግ አሉ። ይሁኔ ግን ፊቱ ጠቆረ።

«ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ» አሉ ወይዘሮ በሰለች። «ግን በሽታ ከእግዚአብሔር ነው። እርሱ ያዘዘውን በር በመዝጋት እንመልሰዋለን?»

«ብርድም ከእግዚአብሔር ነው፣ እናቴ። ነገር ግን ሸዋወርቅን በሕፃንነቷ በዚህ ነፋስ ላይ ራቁቷን አስተኝተው ያውቃሉ?»

«ምን ሆኜ!»

«እንግዲያው ያለበሷት እምነት ስላነሰዎት አይደለም። አደራ ስለ ተቀበሉ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ሁለት ነፍስ ተሸክማ ጉልበቷ የደከመ ናት፤ ፈንጣጣ ከሌላው ሰው ይልቅ እርሷን ያስጨንቃል፣ ፅንሷንም ያስወርዳታል። የተወለደው ሕፃን ደግሞ ገና ትንፋሹን እንኳ ያልተለማመደ ነው። ለእኛ ጨርቅ የሆነው ለእርሱ እሳት ነው።»

«እና ልጄ በምጥ ስትጣራ እኔ ማዶ ተቀምጬ ልስማት? እናት ነኝ ልበል?» አሉ ወይዘሮ በሰለች። «አንተ መናፈቅ ምን እንደ ሆነ አታውቅም፤ አልወለድክም።»

ገብረአማኑኤልም መለሰ።

«አልወለድኩም። ግን ኢየሩሳሌምን ከልጅነቴ ጀምሮ ስናፍቅ ኖሬ፣ መርከባችን ወደብ ደርሶ ሳለ አንድ መንገደኛ ታመመ። የወደቡ ሹሞች ከከተማው ርቆ ካለ አሸዋ ላይ አውርደው ሁላችንንም አገዱን። በሽተኛ ያልሆነው ሁሉ ‹እኔ ደኅና ነኝ› እያለ ይጮህ ነበር፤ እኔም ጮኼያለሁ። እነርሱ ግን ‹ዛሬ ደኅና የሆነ ሰው በሽታውን በውስጡ ይዞት ሊሆን ይችላልና ይቆይ› አሉን። ምሽት ምሽት የምንሄድበትን መንገድ እያየሁ አለቀስኩ። ቆይቶ ከመካከላችን ሌሎች ታመሙ፤ ‹ደኅና ነን› ብለው ከጮኹት ውስጥ ነበሩ። ያን ጊዜ ለቀውን ቢሆን ኖሮ፣ ልንሳለም በሄድንበት አገር ሞት ይዘን በገባን ነበር።»

«እርሱ የባዕድ አገር ሥርዓት ነው» አለ ይሁኔ። «እትዬ በሰለች፣ ተነሡ እንጂ፤ ገበያዬ ሊያመልጠኝ ነው! ይህ ልጅ እኮ እናትን ከልጇ ሊያጣላ ነው።»

ሴትዮዋ ግን አልተነሡም። ነጠላውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ጥለቱን በጣታቸው ይከተሉ ነበር።

«ሰው ሁሉ በር ይዘጋብኛል» አሉ ለራሳቸው እንደሚነግሩ ያህል። «አልታየችም እንዲሁ አደረገችኝ። ታማለች ሲሉኝ ገንፎ ይዤ ብሄድ መዝጊያዋን ከውስጥ ቀርቅራ ‹አትግቢ!› አለችኝ። አጥሩ ሥር ውዬ ለመንኳት። እንዳሳደገችኝ፣ እንደ እናቴ እንደ ነበረች እየነገርኩ ለመንኳት። ፊቷን ሳታሳየኝ ሞተች። ይህ ቂም ከሆዴ አይወጣም፣ የኔታ።»

«ሌላ ምን አሉዎት?» አልኳቸው።

«‹ወደ ሸዋወርቅ ትሄጃለሽና ከዚህ ዞር በይ› አለችኝ። ደጋግማ ይህንኑ ነበር የምትለው።»

ዲያቆኑ ከቆመበት ርቀት ሳይጠጋ መሬት ላይ ተንበረከከ። «እናቴ፣ ነጠላውን ማን ሰጠዎት? እርስዎ ቤቷ አልገቡም።»

«ይሁኔ ነው። ከቀብሯ በኋላ ከመደቧ ላይ አምጥቶልኝ።»

«እንግዲህ ያስቡት። ያቺ ሴት በሕማሟ መካከል፣ ውኃ የሚያቀብላት ሰው እየናፈቃት፣ የእህቷን እጅ እየናፈቃት በሯን የቀረቀረችው ስለ ማን ነው? ስለ ሸዋወርቅ አይደለምን? ፊቷን የነሳችዎት ጠልታዎት አይደለም። ከእርስዎ ጋር በሽታው ወደ ሸዋወርቅ ቤት እንዳይሄድ ብቻዋን መሞትን መረጠች። እርስዎ ደግሞ እርሷ በር ዘግታ ያስቀረችውን ሞት፣ በብብትዎ አቅፈው ለሸዋወርቅ ሊያደርሱላት ነው።»

ነፋሱ የነጠላውን ጫፍ ያነሣው ነበር፤ ወይዘሮ በሰለች ይዘው ይመልሱታል፣ ደግሞ ያነሣዋል። በመጨረሻ ነጠላውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ካለቀሱም በኋላ፣ «አልታየች፣ እኔ ሞኟ! እኔ እኮ የጠላሽኝ መስሎኝ ነበር» አሉ።

ከዚያ ደረቅ ጓሣ ነቅለው ከካቡ ሥር ከመሩት። እሳት እንድለኩስላቸው ሲጠይቁኝ በባልጩት ድንጋዬ ለኩሼ ራቅ አልኩ። ነጠላውን አጥፈው እንደ ሕፃን እያስተኙ ከእሳቱ ላይ አኖሩት። ጢሱ ወደ ደነባ በኩል ሲሄድ እስኪጠፋ ድረስ በዓይናቸው ሸኙት።

«ያንተስ?» አለ ዲያቆኑ ወደ ይሁኔ ዞሮ። «ይህን ጭነት ገበያ አታውጣው። ከአንተ የሚገዛው ሰው ቤት ነፍሰ ጡር ትኑር ሕፃን ይኑር አታውቅም።»

«ለሚያለቅሱልህ ስበክ!» አለ ይሁኔ። አህዮቹን ነድቶ ቁልቁለቱን ወረደ፤ ከዚያ በኋላ ዞሮም አላየን።

ወይዘሮ በሰለችን ከልጃቸው መንደር ማዶ፣ ከሸለቆው ባሻገር ባለች የእርሻ ጎጆ አስቀመጥናቸው። ዲያቆኑ ምግባቸውን ከአንድ ድንጋይ ላይ አኑሮ ይመለሳል፤ እርሱ ከራቀ በኋላ ወጥተው ይወስዳሉ። ለሸዋወርቅም ነገሩን እኔ ከአጥር ውጭ ሆኜ አስረዳኋት። ያለ እናቷ እንዴት እንደምትወልድ ብታለቅስም፣ የአክስቷን ነገር በሰማች ጊዜ «እማዬ ትቆይልኝ» አለች። ከአዋላጅዋና ከባሏ እናት በቀር ሰው እንዳይገባ፣ እነርሱም ልብሳቸውን ቀይረው እጃቸውን ታጥበው እንዲቀርቧት አዘዝን። ጎረቤቶቹ ተቆጡ፤ «ገንፎ ላይ እንኳ አትጠሩን!» ብለው አሙን። እኛም ሐሜቱን ታገሥን።

ወይዘሮ በሰለች ከጎጆዋ ደጅ ተቀምጠው የልጃቸውን ቤት ጢስ ሲያዩ ይውላሉ። አንድ ቀን ማለዳ የምጡ ድምፅ በሸለቆው ላይ ተሻግሮ መጣ። ሴቶቹ «ማርያም፣ ማርያም» ሲሉ እርሳቸውም ከማዶ፣ ብቻቸውን በጉልበታቸው ተንበርክከው ያንኑ ይሉ ነበር። ብዙ ጊዜ ተነሥተው ወደ ቁልቁለቱ ይራመዳሉ፤ ከድንጋዩ ሲደርሱ ይቆማሉ፤ ይመለሳሉ። በኋላ እልልታ ተሰማ። በሦስት ሲቆም ሴት ልጅ መሆኗን አወቁ። ከሸዋወርቅ ባል እናት ክንድ ላይ የታቀፈች ነጭ ጥቅል ከደጁ ወጥታ ወደ ማዶ ስትነሣ ባዩ ጊዜ እጃቸውን ዘረጉ። በመካከላቸው ያለው ሸለቆ ጥልቅ ነው፤ እጃቸውን ግን እስኪደክማቸው አላወረዱትም።

በሳምንቱ ትኩሳት ያዛቸው፤ ከዚያም ፈንጣጣው በገላቸው ላይ ወጣ። በሽታው ከደነባ ሲነሡ ጀምሮ በውስጣቸው ነበረ ማለት ነው። እማሆይ ወለተ ሥላሴ የሚባሉ፣ ቀድሞ ፈንጣጣ ይዟቸው የዳኑ መነኩሲት ገብተው አስታመሟቸው። ትኩሳቱ ሲበረታ «በሩን ቀርቅሩት፣ ሸዋወርቅ እንዳትገባ» እያሉ ይቃዡ ነበር። የእህታቸው ቃል በአፋቸው መጣ።

እግዚአብሔር ምሯቸው ዳኑ። ቅርፊቱ ሁሉ ከረገፈ፣ ገላቸውን ከታጠቡ፣ የለበሱትም ከተቃጠለ በኋላ አዲስ ልብስ ሰጥተናቸው ሸለቆውን ተሻገሩ። ሸዋወርቅ ደጅ ቆማ ጠበቀቻቸው። የተቦረቦረውን ፊታቸውን አይታ ስታለቅስ፣ «ተይ እንጂ! ይህ ጠባሳ እኮ አንቺ ላይ ሊወጣ የነበረ ነው» አሏት። ሕፃኗን ሲቀበሏት ትንሿ እጅ ከጉንጫቸው ጉድጓድ ላይ አረፈች። የክርስትና ስሟም ወለተሐና ተባለ።

ከዚያ ወዲያ ወይዘሮ በሰለች የዲያቆኑ ትምህርት አስተማሪ ሆኑ። በሽታ ካለበት መንደር የመጣ ሰው ጤነኛ ቢመስልም ጊዜው እስኪያልፍ አራስ እንዳይጠይቅ፣ የሕመምተኛ ልብስ እንዲቃጠል እንጂ እንዳይወረስ፣ ነፍሰ ጡር ወደ ለቅሶ ቤት እንዳትሄድ፣ ሕፃን በመጣው ሰው ሁሉ እንዳይሳም ይመክሩ ነበር። የሰሟቸው ቤቶች በዚያ ክፉ ዓመት እናቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው ቀሩ። «ናፍቀሽ መቆየት ይሻልሻል፤ ናፍቆት መንገድ አለው፣ መቃብር ግን መንገድ የለውም» ይሏቸው ነበር ለሚያኮርፉት አያቶች።

ይሁኔ ግን የተነገረውን እያወቀ ጭነቱን በአንኮበር ገበያ ሸጠ። ከታችኛው መንደር አንድ ገበሬ ለነፍሰ ጡር ሚስቱ ለአመተ ማርያም ከእርሱ ጋቢ ገዛ። አመተ ማርያም በፈንጣጣ ሞተች፤ ፅንሷም አብሯት ሞተ። ባልዋ ከሰሰ፤ እኔና ገብረአማኑኤል ይሁኔ አስቀድሞ ተነግሮት እንደ ነበር መሰከርን። ዳኛው ፈረደበት። በገበያው መካከል በጅራፍ ተገረፈ፣ የቀረው ልብስ በፊቱ ተቃጠለ፣ አህዮቹ ተወርሰው ለሟቿ ባል ተሰጡ። እስከ ዕለተ ሞቱም ወደ አንኮበር ገበያ እንዳይገባ በነጋሪት ታወጀበት።